መጀመሪያ የውሃው መውጫ፦ በጎንደር የአንድ ግቢ ንጣፍና የፍሳሽ መስመር

ጎንደር ላይ ግቢ ማስነጠፍ የበጋ ሥራ ነው። የጥር ሠርግና የጥምቀት እንግዳ ከመድረሱ በፊት ጭቃው ጠፍቶ ድንኳን የሚተከልበት ደልዳላ ሜዳ ይፈለጋል፤ ስለዚህ ግንበኛ የሚጠራው ኅዳር ላይ ነው። ኅዳር ላይ ደግሞ ሰማዩ ደረቅ ነውና ዝናብን የሚያስታውስ የለም። ይህ ጉዳይ የተነሣውም በዚሁ ወቅት ነው። 30 ካሬ ያህል ጌጠኛ ድንጋይ ከተነጠፈ በኋላ ሥራው ቆመ፤ የተነጠፈው ተነሣ፣ የፍሳሹ መስመር ተሠራ፣ ከዚያ እንደገና ተነጠፈ። ድንጋዩም አነጣጠፉም እንከን አልነበረባቸውም። የተሳሳተው ከፍታው ነበር።

ግቢው ከመንገድ ዝቅ ብሎ በተዳፋት ላይ ያረፈ ነው፤ በጎንደር ኮረብታማ ሰፈሮች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። መኪና የሚገባበት በር በላይኛው በኩል፣ ዋናው ቤት ከታች በኩል ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ሜዳ 12 በ7 ሜትር፣ ማለትም 84 ካሬ ነው። በግራ በኩል ከጭቃና ከእንጨት የተሠራ 12 ካሬ ሰርቪስ ቤት አለ። በቀኝ በኩል በቤቱና በአጥሩ መካከል 1.1 ሜትር ስፋት ያለው መተላለፊያ ወደ ጓሮ ይወስዳል። ከጓሮው አጥር ወዲያ ደግሞ ጠባብ የእግር መንገድና በድንጋይ የተገነባ የጎርፍ ዲች አለ።

የዋናው ቤት ቆርቆሮ 96 ካሬ ሲሆን ግማሹ ወደ ፊት፣ ግማሹ ወደ ጓሮ ያፈሳል። የአሸንዳው መውረጃ ቱቦዎች ውሃውን መሬት ላይ ነበር የሚጥሉት። ሰርቪሱ አሸንዳም አልነበረው። ልብስ የሚታጠብበት ውሃ በግቢው ተንሸራቶ ሣሩ ውስጥ ይጠፋ ነበር። ሴፕቲክ ታንኩ በሜዳው ሥር ተቀብሮ የት እንዳለ በትክክል የሚያውቅ አልነበረም፤ ምልክቱ ከመሬት ብቅ ያለች አንዲት የአየር ማስወጫ ቱቦ ብቻ ነበረች።

ይህ ሁሉ ለዓመታት ያላስቸገረው ግቢው አፈር ስለነበረ ነው። ሣር ያለበት አፈር የዝናቡን አንድ ክፍል ይመጥጣል፣ የቀረውን ያዘገየዋል፣ ትንንሽ ጉድጓዶቹም ይይዙታል። በተጠቀጠቀ ገረጋንቲ (ጠጠርማ የሙሌት አፈር) ላይ ድንጋይ ሲነጠፍ ግን አብዛኛው ውሃ ወዲያው ይሮጣል። ስለዚህ ንጣፍ ሲታሰብ አብሮ የሚታሰበው «ይህ ሁሉ ውሃ በአንድ ጊዜ ሲመጣ የት ይሄዳል?» የሚለው ነው። የቤቱ እመቤት ይህንኑ ጠይቀው ነበር። «ልጄ፣ ዝናቡስ በየት ይወጣል?» ሲሉት ግንበኛው «እትዬ፣ ውሃ መንገዱን አያጣም» አላቸው። እውነቱን ነው፤ ያገኘው የነበረው መንገድ ግን የሰርቪሱ በር ነበር።

ስህተቱ በቁጥር

ከፍታ ሲለካ አንድ ቋሚ ነጥብ ይያዛል። እዚህ የዋናው ቤት ወለል በበሩ ላይ ዜሮ ተባለ፤ ከሱ በታች ያለው ሁሉ በመቀነስ ይጻፋል። ከቤቱ ግድግዳ ሥር የነበረው መሬት −20 ሳ.ሜ፣ የመኪናው በር ደፍ −2 ሳ.ሜ፣ የሰርቪሱ ወለል −9 ሳ.ሜ ነበር።

የመጀመሪያው ዕቅድ መሬቱን 8 ሳ.ሜ ጠርጎ 12 ሳ.ሜ ገረጋንቲ፣ 4 ሳ.ሜ አሸዋና 10 ሳ.ሜ ድንጋይ መጨመር ነበር። የሦስቱ ድምር 26 ሳ.ሜ ነው። −20 ላይ 8 ተጠርጎ 26 ሲጨመር የንጣፉ ፊት −2 ላይ ያርፋል። ይህ ማለት ከዋናው ቤት ወለል በታች 2 ሳ.ሜ ብቻ፣ ከሰርቪሱ ወለል ደግሞ በ7 ሳ.ሜ ከፍ ብሎ ማለት ነው። ከበር እስከ ቤት ያለው መሬት አንድ ዓይነት −2 ስለሚሆን ስሎፕም (ውሃ የሚያወርድ ተዳፋትም) የለውም። ንጣፍ ከቤት ወለል ቢያንስ 15 ሳ.ሜ ዝቅ ማለት አለበት፤ ጠብታ ከድንጋይ ነጥሮ ግድግዳ የሚመታው፣ እርጥበትም ወደ ላይ የሚሳበው በዚያ ከፍታ ውስጥ ነው። የብሎኬት ግድግዳ ልስኑን ያፈርሳል እንጂ ይቆማል። የጭቃ ግድግዳ ግን ከሥሩ ሲረጥብ ማገሩና ምሰሶው ይበሰብሳል። በዚህ ግቢ ገዢው ልኬት የትልቁ ቤት ወለል ሳይሆን የትንሿ ሰርቪስ ወለል መሆን የነበረበትም ለዚህ ነው።

ልኬቱ የተወሰደው 10 ሚ.ሜ ውፍረትና 15 ሜትር ርዝመት ባለው ነጭ የላስቲክ ውሃ ልክ ነው። ርካሽ ነው፣ በትክክል ከተያዘም ከጥቂት ሚሊሜትር በላይ አይስትም። ውሃው ከአንድ ጫፍ ቀስ ተብሎ ይሞላና ላስቲኩ በሙሉ በዓይን ይፈተሻል፤ መሐል ላይ የአየር አረፋ ከቀረ ሁለቱ ጫፎች ላይስማሙ ይችላሉ። አረፋ ካለ ላስቲኩን አንሥቶ በጣት እየመቱ ማስወጣት ነው። ከዚያ ሁለቱ ጫፎች ጎን ለጎን ተይዘው ውሃው እኩል መቆሙ ይረጋገጣል፤ ይህ ሳይደረግ የተወሰደ ልኬት አይታመንም። ጫፎቹ ሲዘዋወሩ በአውራ ጣት ይደፈናሉ፣ ሲነበብ ሁለቱም ይከፈታሉ። በዚህ ግቢ 23 ነጥቦች ተለክተው ግድግዳና ችካል ላይ በእርሳስ ተጻፉ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ መጀመሪያ ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ 30 ካሬ ድንጋይ ማንሣት ባላስፈለገ።

መውጫውን መወሰን

ልኬት የሚጀምረው ከውሃው መውጫ ነው። ብዙ ሰው ከበር ወደ ታች ይለካና መጨረሻ ላይ መውጫ ያጣል። እዚህ አራት አማራጮች ታዩ።

ወደ ላይኛው መንገድ መመለስ አይቻልም፤ ግቢው ከመንገዱ በታች ነው።

ሁለተኛው ሰው ሁሉ የሚያስበው አቋራጭ ነው፦ ሴፕቲክ ታንኩ ውስጥ መልቀቅ። ይህ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። ሴፕቲክ የሚሠራው ውሃው ተኝቶ ስለሚቆይ ነው፤ ከባዱ ይዘቅጣል፣ ስቡ ይንሳፈፋል፣ መሐሉ ይወጣል። ይህ ታንክ የሚይዘው 7.2 ሜትር ኩብ ያህል ነው። 20 ሚ.ሜ የሆነ አንድ ጥሩ የሐምሌ ዝናብ ከንጣፉ፣ ከፊት ቆርቆሮውና ከሰርቪሱ ጣሪያ፣ ማለትም ከ144 ካሬ፣ 2,880 ሊትር ያመጣል። የታንኩ ይዘት አርባ በመቶ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሲገባ የዘቀጠው ይነሣል፣ ወደ ማስረጊያው (ውሃው መሬት ውስጥ ወደሚሰርግበት ጉድጓድ) ይገፋል፣ ማስረጊያው ይደፈናል። ከዚያ ሽንት ቤቱ መልሶ ወደ ቤት ይመጣል።

ሦስተኛው የማስረጊያ ጉድጓድ ነው። ይህን መሬቱ ራሱ ይመልሳል። 30 በ30 ሳ.ሜ የሆነ ጉድጓድ 60 ሳ.ሜ ተቆፍሮ በውሃ ተሞልቶ አደረ። ጠዋት እንደገና ተሞልቶ ሲለካ በአንድ ሰዓት የወረደው 9 ሚ.ሜ ብቻ ነበር። የግቢው ቀኝ ክፍል ዋልካ (ጥቁር ጭቃማ አፈር) ነው፤ ዋልካ ሲረጥብ ያብጣል፣ ያበጠ ዋልካ ውሃ አያሳልፍም። በክረምት እዚህ የሚቆፈር ማስረጊያ ገንዳ እንጂ ማስረጊያ አይሆንም። ማደሩ ወሳኝ ነው፦ ደረቅ ጉድጓድ ላይ ወዲያው የሚደረግ ሙከራ ስንጥቁን ስለሚሞላ ጥሩ መሬት ያስመስለዋል።

የቀረው ከጓሮው በታች ያለው ዲች ነው። የዝናብ ውሃ ብቻ ለማስገባት ከማዘጋጃ ቤቱ ፈቃድ ተጠየቀ። የልብስም ሆነ የወጥ ቤት እጣቢ ወደ ዲች አይሄድም። ቱቦው ወደ ዲቹ የሚገባበት ነጥብ ከዲቹ ወለል 15 ሳ.ሜ ከፍ ብሎ −120 ላይ ተወሰነ። ከዚያ ወደ ኋላ 19 ሜትር ተለክቶ ቤቱ ፊት በሚሠራው ማንሆል (ክዳን ያለው የመፈተሻ ጉድጓድ) ላይ የቱቦው ሥር −70 ሆነ። በ19 ሜትር 50 ሳ.ሜ መውረድ ማለት 2.6 በመቶ ነው። ጥሩ ስሎፕ ነው።

የውሃው መጠን የተሰላው በሰዓት 100 ሚ.ሜ በሚመታ ዶፍ ነው። ይህን የምንይዘው ጎንደር በሰዓት ያን ያህል ይዘንባል ብለን አይደለም፤ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ለአሥርና ለሃያ ደቂቃ እየበረታ ስለሚመጣ፣ ቱቦ የሚፈተነውም በዚያች ጊዜ ስለሆነ ነው። 144 ካሬ በዚህ ስሌት በሰከንድ 4 ሊትር ይሰጣል፤ የጓሮው ቆርቆሮ 48 ካሬ ሲጨመር 5.3 ሊትር ይሆናል። 110 ሚ.ሜ ፒቪሲ በ2.6 በመቶ ስሎፕ በሰከንድ 10 ሊትር ገደማ ያሳልፋል። «160 ይሁን፣ ያስተማምናል» የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። አልተቀበልነውም፤ ቱቦ የሚደፈነው በቅጠልና በደለል ነው፣ ለሱ መድኃኒቱ ደለል የሚይዝ ማንሆልና ዘንግ የሚገባበት ቀዳዳ ነው። የተረፈው ገንዘብ ለፍርግርጉ ብረት ዋለ።

አዲሱ ከፍታ

ከበሩ እስከ 1.5 ሜትር ድረስ ንጣፉ ከ−2 ወደ −11 ይወርዳል፤ 6 በመቶ ነው፣ መኪና አይቸግረውም። ከዚያ በቀሪው 5.5 ሜትር ወደ ቤቱ እየተዳፋ በግራ ጫፍ −20፣ በቀኝ ጫፍ −26 ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ውሃው ወደ ቤቱም ወደ ቀኝም ያዘነብላል፤ ከሰርቪሱ ይሸሻል ማለት ነው። በሩ ላይ ከመንገድ የሚመጣው ጎርፍ እንዳይገባ ከውጭ በኩል 4 ሳ.ሜ ከፍ ያለ ጉብታ በኮንክሪት ተሠራ።

ይህም ሆኖ በሰርቪሱ ላይኛ ማዕዘን ንጣፉ ከወለሉ በ4.5 ሳ.ሜ ብቻ ነው የሚያንሰው። የበለጠ እንዳይወርድ የበሩ ደፍ ይገድበዋል። መፍትሔው በሰርቪሱ ግድግዳ ጎን 25 ሳ.ሜ ስፋትና 4 ሜትር ርዝመት ያለው ክፍት ቦይ ነበር፤ ወለሉ ከ−24 ጀምሮ −28 ላይ ያበቃል፣ በዚህም ግድግዳው የሚፈለገውን 15 ሳ.ሜ ያገኛል። ሰርቪሱ ላይ አሸንዳ ተገጠመ። የጭቃ ግድግዳውን ሥር በሲሚንቶ መለሰን ግን አልተደረገም፤ ሲሚንቶ በጭቃ ላይ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ የገባው ውሃ መውጫ አጥቶ ግድግዳውን ከውስጥ ይበላዋል።

ቁፋሮና ቱቦ

አማካይ ቁፋሮው 28 ሳ.ሜ ሆነ፤ 84 ካሬ ላይ 24 ሜትር ኩብ ያህል ነው። አፈር ሲቆፈር ስለሚያብጥ ተጭኖ የወጣው ወደ 30 ሜትር ኩብ ተጠጋ። የጭነት ዋጋ የሚነጋገር ሰው በተቆፈረው ሳይሆን በሚጫነው ልክ ይያዝ። ቀኝ በኩል ዋልካ ያለበት 20 ካሬ ተጨማሪ 20 ሳ.ሜ ተቆፍሮ በገረጋንቲ ተተካ። በድምሩ የገባው ልቅ ገረጋንቲ 18 ሜትር ኩብ ነው።

መተላለፊያው ውስጥ ሁለት መስመር ጎን ለጎን ነው ያለው፦ የሽንት ቤቱ ነባር ቱቦ ከቤቱ ግድግዳ ተጠግቶ፣ አዲሱ የዝናብ ቱቦ ከአጥሩ በኩል። ነባሩ ቱቦ የት እንዳለ ሳይታወቅ በዶማ ተጀምሮ አንድ ቦታ ተመታ። የተሰነጠቀው ክፍል 30 ሳ.ሜ ተቆርጦ በሁለት ማያያዣ ተጠገነ። ነባር መስመር ባለበት መጀመሪያ በየሦስት ሜትሩ ለየብቻ ጠባብ ጉድጓድ በአካፋ ቆፍሮ ቱቦውን በዓይን ማየት፣ ከዚያ በዶማ መግባት ይሻላል። አጥሩ በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ካብ ስለሆነ ቦዩ አንድ ላይ አልተከፈተም፤ ሦስት ሦስት ሜትር እየተቆፈረ፣ ቱቦው እየተቀበረ ነው የተሄደው።

የቦዩ ወርድ 40 ሳ.ሜ፣ ጥልቀቱ ከ45 እስከ 50 ነበር። ከቱቦው ሥር 5 ሳ.ሜ አሸዋ ተደረገ። ቱቦው በ6 ሜትር ስለሚሸጥ አራት ፍሬ፣ ሦስት ማያያዣ፣ አንድ 45 ዲግሪ ኤልቦ፣ አንድ ቲ (ሦስት አፍ ያለው ማያያዣ) እና ሙጫ ገዛን። እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቀን እንናገራለን፦ የፒቪሲን ጫፍ በእሳት አሙቆ ማስፋትና አንዱን በአንዱ ውስጥ መሰካት ይቁም። የሞቀው ጫፍ ይሳሳል፣ ክቡ ይጠማል፣ ከውስጥ ደረጃ ይፈጥራል፤ ቅጠል የሚያዘው በዚያች ደረጃ ላይ ነው። ማያያዣ የሚያወጣው ዋጋ ንጣፍ አንሥቶ ቱቦ ከመፈለግ ጋር አይወዳደርም። የተቆረጠ ጫፍ በቢላ ከፍርፋሪው ይጸዳል፣ ሁለቱም ፊት ይጠረጋል፣ ሙጫው በሁለቱም ላይ ይቀባል፣ ከገባ በኋላ ሩብ ዙር ይዞራል።

ቱቦው ከመሸፈኑ በፊት የታችኛው ጫፍ ተደፍኖ ውሃ ተሞላና 30 ደቂቃ ተጠበቀ። ውሃው ወረደ። አንደኛው ማያያዣ ሙጫ ሳይቀባ ነበር የተሰካው። ተነቅሎ ተጠርጎ ተሠራ፣ ሁለተኛው ሙከራ ልክ መጣ። አፈሩ ሲመለስ በየ15 ሳ.ሜ መጠቅጠቅ ነበረበት፤ አንድ ቦታ ላይ ይህ አልተደረገም፣ መዘዙ ኋላ ታየ።

ቦይ፣ ማንሆል፣ ፍርግርግ

ከቤቱ ግድግዳ 40 ሳ.ሜ ርቆ በ12 ሜትሩ በሙሉ የኮንክሪት ቦይ ተዘረጋ። የውስጥ ስፋቱ 20 ሳ.ሜ፣ የወለሉም የጎኑም ውፍረት 10 ሳ.ሜ፣ የሲሚንቶ፣ የአሸዋና የጠጠር ቅልቅሉ 1፡2፡3 ነው። ወለሉ ከ−30 ወደ −42 ይወርዳል፤ 1 በመቶ። ለውሃው ብቻ ቢሆን ከዚህ የጠበበ ይበቃ ነበር። 20 ሳ.ሜ የተደረገው አካፋ እንዲገባ ነው፤ አካፋ የማይገባበት ቦይ አይጸዳም። በቦዩና በግድግዳው መካከል ያለው 40 ሳ.ሜ ወደ ቦዩ በተዳፋ ኮንክሪት ተሸፈነ፤ የዋናው በር ደረጃ ድንጋይም እዚያው ላይ ተቀመጠ። ንጣፉ ዝቅ ስላለ አንድ ደረጃ መጨመሩ ግድ ነበር፤ እመቤቲቱ መጀመሪያ ቅር ቢላቸውም ደረጃው ሰፊ ሆኖ ለመቀመጫም አገለገለ።

ቦዩ የሚያበቃው 50 በ50 ሳ.ሜ በሆነ ማንሆል ውስጥ ነው። የማንሆሉ ወለል −95 ነው፣ ማለትም ከመውጫ ቱቦው ሥር 25 ሳ.ሜ ይወርዳል፤ አሸዋና ደለል እዚያ ይቀራል። የቱቦው አፍ ላይ ቲ ተገጥሞ አንዱ አፉ ወደ ታች ተደረገ፣ የላይኛው በክዳን ተዘጋ። ቅጠል ስለሚንሳፈፍ ከታች በሚከፈተው አፍ አይገባም፤ ቱቦው ቢደፈን ደግሞ የላይኛው ክዳን ተከፍቶ ዘንግ ይገባል። ሁለተኛ ማንሆል 40 በ40 ሆኖ ከዚያ 10 ሜትር ርቆ ጓሮ ላይ ተሠራ።

ፍርግርጉ ባለ 30 ሚ.ሜ አንግል ብረትና ፌሮ 12 ሲሆን በፌሮዎቹ መካከል 15 ሚ.ሜ ክፍተት አለ፤ ለውሃ ይበቃል፣ የሕፃን እግር አያስገባም። በአንድ ረጅም ቁራጭ አልተበየደም፤ 60 ሳ.ሜ ርዝመት ያላቸው 20 ቁራጮች ሆነው እያንዳንዳቸው 6 እና 7 ኪሎ ይመዝናሉ። አንዲት ሴት ብቻዋን አንሥታ የምታጸዳው እንዲሆን ነው። ከብየዳ በኋላ አንቲረስት ሁለት ጊዜ ተቀባ። ፍርግርግ በሲሚንቶ መያዝ የለበትም፤ ይህን የሚያደርጉ ግንበኞች ብዙ ናቸው፣ ምክንያታቸው ሌባ ነው። ሌባ ካሠጋ በየአምስት ቁራጩ በቡሎን ይታሰር።

የአሸንዳው መውረጃ ቱቦዎች በቀጥታ መሬት ውስጥ አልገቡም። ከፍርግርጉ 5 ሳ.ሜ ከፍ ብለው ይቆማሉ፤ ሲደፈኑ ወዲያው እንዲታይ።

ሴፕቲኩና እጣቢው

ታንኩን ለማግኘት ባለ 12 ሚ.ሜ ፌሮ በየ50 ሳ.ሜ መሬት ውስጥ ተሰካ፤ −55 ላይ «ጓ» ብሎ ከኮንክሪት ጋር ተገናኘ። የነባሩ ክዳን ውፍረት 10 ሳ.ሜ ሲሆን በመሐሉ ስንጥቅ ነበረው። የመጀመሪያው ንጣፍ ይቀጥል ቢባል ኖሮ መኪና በላዩ ይቆም ነበር። ክዳኑ ተነሥቶ በ15 ሳ.ሜ ኮንክሪትና ፌሮ 12 በየ15 ሳ.ሜ በሁለቱም አቅጣጫ ተተካ። የ60 በ60 አፉ በብሎኬት አንገት እስከ ንጣፉ ፊት ከፍ ተደረገ፤ መምጠጫ መኪና ሲመጣ ድንጋይ ማንሣት አያስፈልግም። ታንኩ ክፍት በነበረበት ጊዜ ማንም ወደ ውስጥ አልገባም፣ አንገቱንም አላስገባም። ውስጡ ያለው ጋዝ ሰው ይገድላል፣ ሊያወጣው የገባውንም ይገድላል።

የአየር ማስወጫዋ ቱቦ መጀመሪያው ሥራ ላይ ከሥሯ ተቆርጣ በድንጋይ ተሸፍና ነበር፤ ሽንት ቤቱ ውሃ ሲለቀቅበት መጉረምረምና ማሽተት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። አሁን ከታንኩ ተነሥታ በንጣፉ ሥር በሁለት 45 ዲግሪ ኤልቦ ወደ ግድግዳው ተወስዳ ከጣሪያው በላይ ወጣች፤ ጫፏ በወንፊት ተሸፈነ።

ለልብስ ማጠቢያው ጠርዝ ያለው 1 በ1 ሜትር መደብ ተሠርቶ ውሃው በሲፎን (ውሃ ይዞ ሽታ በሚያግድ ጥምዝ ቱቦ) በኩል ወደ ሴፕቲኩ ገባ። ሲፎን ከሌለው ሽታው ተመልሶ ልብስ አጣቢዋ ፊት ላይ ይወጣል። መደቡ ጠርዝ ያስፈለገው የግቢው ዝናብ እንዳይገባበት ነው። በዚህ ታንኩ ቶሎ ይሞላል፤ ይህ የተከፈለ ዋጋ ነው።

የጓሮው ቆርቆሮ 2,000 ሊትር በሚይዝ ሮቶ ላይ ተያያዘ። የቧንቧ ውሃ በሚቆራረጥበት ከተማ ንጹሕ ውሃን ዲች ውስጥ መድፋት ያሳዝናል። 48 ካሬ ቆርቆሮ ከአንድ ሚ.ሜ ዝናብ 38 ሊትር ያህል ቢሰጥ ሮቶው በ52 ሚ.ሜ ዝናብ ይሞላል። ሲሞላ የሚተርፈው በሁለተኛው ማንሆል በኩል ይወጣል።

ማንጠፍና ሙከራ

ገረጋንቲው በሁለት ድርብ፣ በየ6 ሳ.ሜ ውሃ እየተረጨ በማሽን ተጠቀጠቀ። ስሎፑ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ገረጋንቲውን ሜዳ አድርጎ በአሸዋ ውፍረት ስሎፕ ማውጣት የተለመደ ስህተት ነው፤ አሸዋ 8 ሳ.ሜ የሆነበት ቦታ በመጀመሪያው ክረምት ይሰምጣል። አሸዋው በሁሉም ቦታ 4 ሳ.ሜ ነው። ከመንጣፉ በፊት ጠርዙ ተያዘ፣ ሲባጎ በየ1.5 ሜትሩ ተወጠረ። 10 በ10 ሳ.ሜ ድንጋይ ከነክፍተቱ በካሬ 83 ያህል ይገባል፤ ለ84 ካሬ ከነስብራቱ 7,300 ታዘዘ፣ ቀድሞ የተነጠፈውም ተመልሶ ዋለ። ቦዩ ዳር ያለው ድንጋይ ከፍርግርጉ 5 ሚ.ሜ ከፍ ተደረገ፤ ዝቅ ካለ ቦዩ አጠገብ ኩሬ ይሠራል። ክፍተቱ በደረቅ አሸዋ ተሞላ፣ ጠርዙ ብቻ በ1፡3 ሲሚንቶ ታሰረ። ሁሉንም በሲሚንቶ መሙላት ለዓይን ያምራል፤ ዋልካ በሚንቀሳቀስበት ግቢ ግን ይሰነጠቃል፣ ለመጠገንም መፈንከት ያስፈልገዋል።

በጋ ስለነበረ ዝናቡን መፍጠር አስፈለገ። 200 ሊትር የሚይዙ ሦስት በርሜሎች በበሩ ሥር ተደርድረው በሁለት ደቂቃ ውስጥ ተደፉ፤ በሰከንድ 5 ሊትር ነው፣ ከስሌቱ ጋር ይቀራረባል። ይህ የተደረገው ክፍተቱ በአሸዋ ከመሞላቱ በፊት ነው፣ ድንጋዩ ገና በእጅ ይነሣልና። ከሴፕቲኩ ክዳን በስተግራ 1.5 ሳ.ሜ ጥልቀት ያለው ኩሬ ተገኘ። ዳሩ በጠመኔ ተከበበ፣ 2 ካሬ ድንጋይ ተነሥቶ አሸዋው ተስተካከለና እንደገና ውሃ ተደፋ። ሁለተኛው ላይ ኩሬ አልቀረም።

ከክረምቱ በኋላ

ሰኔ ላይ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲመጣ የሰርቪሱ በር ደረቅ ሆነ። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ማንሆሉ ሲከፈት ከ25 ሳ.ሜው 12ቱ በደለል ተሞልቶ ነበር። አብዛኛው ከድንጋዩ ክፍተት የታጠበ አሸዋና ከመንገድ በመኪና ጎማ የገባ ጭቃ ነው። በየሁለት ሳምንቱ እንዲጠረግ ተደረገ፤ ክፍተቱም አንድ ጊዜ አሸዋ ተጨመረበት።

ሁለት ነገር መስተካከል ነበረበት። ቱቦው ዲቹ ውስጥ የሚገባው ቀጥ ብሎ ስለነበር ውሃው ተቃራኒውን ግንብ እየመታ በእግር መንገዱ በሚያልፍ ሰው ላይ ይረጭ ነበር፤ ለዚህ ተብሎ የተገዛችው 45 ዲግሪ ኤልቦ በግንበኛው ከረጢት ውስጥ ነበረች። ተገጠመች፣ አፉ ወደ ዲቹ ፍሰት ዞረ፣ ከሥሩም ጠፍጣፋ ድንጋይ ተደረገ። ሁለተኛው መተላለፊያው መግቢያ ላይ የታየው ስምጠት ነው፤ በአንድ ጊዜ አፈር ተሞልቶ ሳይጠቀጠቅ የቀረው ቦታ 2 ሳ.ሜ ወረደ። 40 ድንጋይ ተነሣ፣ የረጠበው ዋልካ ወጣ፣ ገረጋንቲ በድርብ ተጠቀጠቀ፣ ያው 40 ድንጋይ ተመለሰ። አንድ ከሰዓት በኋላ ፈጀ።